ውሃዋን አደራ

ለተወደዱ እህቴ ለእታለም ወርቅአፈራሁ፤
ደሴ።

እታለም፣ እንደምን ከረሙ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚነሣብዎት ሳል ረገብ አለልዎ ወይ? ጉልበትዎስ? የግራ ዓይንዎ ማንባቱን ተወ? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እርስዎ ደኅና ከሆኑ ቤቱ ደኅና ነው፤ ቤቱ ደኅና ከሆነ ደግሞ እዚህ አራዳ የምተኛው እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ይሆንልኛል። እኔና ባለቤቴ ጽጌማርያም፣ ጠብቆ ላኖረን አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ አለን። በዚህ ዕድሜ «አለን» ማለት ትንሽ ቃል አይደለችም። የእኔ ወገብ ያዝ ለቀቅ ማድረጉን፣ የእሷም ጉልበት ዳገት ባየ ቁጥር መለገሙን አልተወም፤ ከዚህ በቀር በጤና ነን።

ይህን ደብዳቤ ከወትሮው አጉልቼ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ነጣጥዬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰባ ዓመትዎ መሠረተ ትምህርት ገብተው፣ ፊደል ቆጥረው፣ በገዛ እጅዎ የጻፉልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶኛል። አንድ መስመር ነው። «ወንድሜ፣ በዓምደሚካኤል ተዝካር ወንበርህ ባዶውን ዋለ» ይላል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ መስመር ላይ ግን የሚነሣም የሚጨመርም አላገኘሁም። እጅዎ ተንቀጥቅጦ የአንዱ ፊደል እግር ወዲያ ሄዷል፤ እሱንም ቢሆን አላርመውም።

እስከ ዛሬ ለእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ የሚያነብልዎ ሌላ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ሰው በመካከላችን የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያ ሰው ተነሥቶ ሄዷል። የልቤን ለእርስዎ ብቻ መጻፍ የምችልበት የመጀመሪያው ቀን ይኸው ነውና፣ የቀረሁበትን ምክንያት ሳልሸፍን እነግርዎታለሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ይፍረዱብኝ።

ለባለቤትዎ ለጋሼ ዓምደሚካኤል የሙት ዓመት ተዝካር፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ ከነጽጌማርያም እደርሳለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት መኪናዋን ተማምኜ ነበር። ስለዚህ የመኪናዋን ነገር ከሥር ልጀምርልዎ። ለሠርግዎ ካባ ጥቁር ከፋይ የገዛንበትን የፒያሳውን ሱቅ ያስታውሱታል። ያኔ ከባንኮኒው ኋላ የቆሙት አርመኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ሲለኩልዎ እኔ የነጠላዎን ጫፍ ጨብጬ፣ ከፋዩ አልቆባቸው እርስዎ ከቤታችን እንዳይሄዱብኝ እጸልይ ነበር። ያን ሱቅ እስካሁን ይዞት የቆየው ልጃቸው ሙሴ ሃጎፕ ነው። እሱም በተራው ሸመገለና ውጭ አገር ወዳለች ልጁ ዘንድ ሊሄድ ቆረጠ። መኪናውን ለመግዛት ደጅ የሚጠናው ብዙ ነበር፤ እሱ ግን የአራዳ መኪና ከአራዳ አትወጣም ብሎ እኔን አስጠራኝ። እኔ ደግሞ የጽጌማርያም ጉልበት ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ዳገት መውጣት ካቃተው ሰንብቶ ነበርና፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥናትን አውጥቼ ገዛኋት።

ነጭ ፔጆ ናት፤ ነጭነቷ ከዕድሜ ብዛት ወደ አጓት ያደላ። ስቴሽን የሚሏት ዓይነት ናት። ጣሪያዋ እስከ ኋላ ድረስ ሳይሰበር ይሄዳል፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ወንበሮቿ ሲታጠፉ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል። ሙሴ ሃጎፕ ልጆቹንም የጨርቅ ጣቃውንም ሲያመላልስባት የኖረ ስለሆነ ውስጧ እስከ ዛሬ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል፤ ዝናብ ሲመታት ይብስባታል። መንዳቱን በወጣትነቴ በመሥሪያ ቤት መኪና ተምሬው ስለነበር መንጃ ፈቃዴ በሕይወት ነበረች፤ እጄ ግን ዝጎ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ማርሽ ስለውጥ የሰፈር ውሻ ይጮህብኝ ነበር።

እርስዎ እንደሚያውቁት ሻጭ ያልመረቀው ዕቃ አይበረክትም። እኔና ጽጌማርያም ቆመን ምርቃቱን ስንጠብቅ ሙሴ ሃጎፕ ኮፈኗ ላይ እጁን ጫነ። ከዚያም በዚያ አራዳ ባበቀለው አማርኛው፣ «አቶ ወልደሥላሴ፣ ዘይት ቢያጓድሉባት ትታገሥዎታለች። ውሃ ከረሷት ግን ትቀየማለች። ውሃዋን አደራ» አለኝ። ፊቱን መለስ አድርጎ ወደ ሱቁ ገባ፤ ዓይኑን አላሳየንም።

አደራ የተባለው እኔ ነበርኩ፤ አደራውን የተቀበለችው ግን ጽጌማርያም ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃው ነገር ለእኔ ይተው አለችኝ። ተወሁላት። ጠዋት ጠዋት የግቢያችን ዘበኛ ተክላይ ኮፈኑን ይከፍትላታል፤ እሷ በማንቆርቆሪያ ታጠጣለች፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። ጥጃ የምታጠባ ነበር የምትመስለው። ዘይቱን የማየው እኔ፣ ጎማውን ጎሚስታው፣ ውሃውን እሷ፤ ሥራችንን በዚህ ዓይነት ተካፍለን በሰላም ኖርን።

ከመኪናዋ ጋር መኖር ማለት፣ እታለም፣ ከሰፈሩ ጋር እንደገና መኖር ማለት ሆነብን። አራዳ ስም ሳያወጣ አያድርምና በሳምንቷ «ሽንጣሟ» ተባለች። የእድሩ ወንበርና ድንኳን የሚጫነው በሽንጣሟ ነው። ሠርግ ያለበት ቤት ሽንኩርቱን ከአትክልት ተራ የሚያመጣው በሽንጣሟ ነው። ምጥ የያዛትን፣ ጥርሱ ያበጠበትን፣ የመስተዋት ቁም ሣጥን የገዛውን ሁሉ አመላልሳለች። አላፊ አግዳሚው ደግሞ ውይይት ታክሲ እየመሰለችው በር ከፍቶ ይገባል፤ አንዱ መርካቶ ድረስ ሸኝቼው ሳንቲም ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቷል። ቤንዚኑ በኩፖን ስለሆነ፣ እሑድም በታርጋ ቁጥር ሙሉና ጎዶሎ ተብሎ በተራ ስለሚነዳ፣ የእኛ ተራ በሆነበት እሑድ የሰፈሩ አሮጊቶች ለቅዳሴ ከደጃችን ይሰለፋሉ። ጽጌማርያም በዚያን ቀን እንደ ሹም ናት፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት።

እሷ ራሷ ግን የምትቀመጠው ከኋላ ነው። ከባሏ ጎን ከፊት ተቀምጦ በፒያሳ መታየት የኩራት መስሎ ይታያታል። ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ አይሆንም። በዚህ ምክንያት እኔ ሾፌሯ መስዬ መኖር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጊዮርጊስ ደጃፍ አንዲት የማታውቀን ወይዘሮ ጠጋ ብላ ሾፌሩን በወር ስንት እንደምትከፍለው ጠየቀቻት። ጽጌማርያም ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር፣ «ምግቡን ነው የምችለው» አለቻት። ሴትዮዋም አመዛዝና አየችኝና ርካሽ ነው አለች።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ልመለስ። የጽጌማርያም አባት በጭነት መኪና ተሳፍረው ጣርማበር ገደል ላይ እንደቀሩ ያውቃሉ። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። ስለዚያ ነገር በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስታነሣ አልሰማኋትም፤ የመንገዱ ስም ሲጠራ ግን እጇ የያዘውን ሥራ ያቆማል። ለእርስዎ ቃል በሰጠሁ ጊዜ ጣርማበርን ማለፍ እንዳለብን ታውቃለች። አልመጣም አላለችም። እታለም ወርቅአፈራሁ እርስዎን አዝለው ያሳደጉ፣ ለእኔም አማት ሆነው የተቀበሉኝ ናቸው፤ ብቻቸውን ተዝካር አያወጡም አለች። ሁለት ወር ሙሉ ከኩፖናችን ቤንዚን ቆጠብን። እሷም ከወትሮው ቀድማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ መኪናዋ መሄድ፣ በማንቆርቆሪያዋም አጠገብ ረዘም ያለ ጊዜ መቆም ጀመረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አያለሁ። ትጸልያለች ብዬ አለፍኩት፤ እውነትም ትጸልይ ነበር።

ኅዳር ዐሥራ አንድ ማለዳ ወጣን። ከኋላ የእድሩን ትልልቅ ድስቶች፣ ለካህናቱ ያሰብነውን ጋቢ፣ ለእርስዎም ትንሽ ትንሽ ነገር ጭነናል። ጽጌማርያም ከድስቶቹ ጋር ተቀምጣለች። እስከ ደብረ ብርሃን ሽንጣሟ እንደ ሰጋር በቅሎ ሄደች። ከዚያ አልፈን ወደ ጣርማበር ስንወጣ ጉም ወረደብን፤ በጉሙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉም ከኮፈናችን ሥር ተነሣ። አቆምኩ። ቦታው፣ እታለም፣ ዋሻው ሳይደረስ ያለው የገደሉ አፋፍ ነው። አገሩ ሁሉ በብርድ ተጨብጦ ሳለ የምትፈላው የእኛ መኪና ብቻ ነበረች። ጽጌማርያም አልጮኸችም፤ የድስቱን ጆሮ እንደጨበጠች ቆየች። ከዚያ ወረደችና፣ ከቤት ይዛው የመጣችውን ውሃ በጄሪካን አምጥታ፣ ሞተሩ ሲበርድ በእጇ ጨመረችላት። ጥቂት ተጓዝን። ይባስ ፈላች።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞልን ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ አየና፣ «አባት፣ ይህች ዛሬ ዋሻውን አታልፍም፤ ቁልቁሉ እያለ ወደ ኋላ ይመለሱ» አለኝ። ድስቶቹን ይዞልኝ እንዲሄድ ለመንኩት፤ እሱ ከደብረ ሲና አያልፍም። አዞርናት። እየቆምን፣ እያበረድን፣ ደብረ ብርሃን ሲመሽ ገባን። ስልክ ቤት ሄጄ ወደ ደሴ መስመር ጠየቅሁ፤ አልተገኘም። በማግሥቱ አውቶቡሱ እስከ አፉ ሞልቶ አለፈን። እርስዎ ወንበሬን እያዩ በዋሉበት ሰዓት እኔ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ ወደ ደሴ የሚሄድ አቧራ እመለከት ነበር።

እንደዚያው እያበረድን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጽጌማርያም መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጸሎቴ አልበቃ ብሎ ነው» አለች፤ ከኋላዬ፣ በቀስታ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳላውቅ። በመስተዋቱ አየኋት። በዚያ ፊት ላይ ሌላ ሸክም እንዳይጨመር ያን ጊዜ በልቤ ቃል ገባሁ። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ የገባኝ ግን በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ ሽንጣሟን አስጎትቼ ዶሮ ማነቂያ ጥግ ላለው መካኒክ ለአጥናፉ ወሰድኳት። አጥናፉ እጁም ምላሱም የማይቦዝን የአራዳ ልጅ ነው። ራዲያተሩን ፈትቶ ሲገለብጠው ግራጫ ጭቃ ወለል ላይ ወረደ። ጣቱን ነክሮ አየና፣ «ጋሼ፣ ይህ ራዲያተር ነው ወይስ የሸክላ ሠሪ ጉድጓድ?» አለኝ። እኔም ዝገት ይሆናል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ዝገት ቀይ ነው። ይህ አመድ ነው። ጥቂት በጥቂት፣ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ይህ አሻጥር ነው፣ ጋሼ።»

ይህችን ቃል ሲናገር ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጋራዡ ውስጥ ሌላም ሰው ነበርና። ከቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አንዱ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ሻይ ይጠጣል። ብርጭቆውን አስቀመጠ። የሚያጥባት ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ኮፈኑን ጠዋት ጠዋት የሚከፍተውስ? እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት አጥናፉ ቀደመኝና የግቢው ዘበኛ ተክላይ ነው አለ፤ ባለፈው ጥምቀት በደመወዝ ጉዳይ ከግቢው ሰዎች ጋር ተጨቃጭቆ እንደነበርም ጨመረበት። በክፋት አልነበረም፤ ወሬ ሲጣፍጥለት ነው። ሰውዬው ግን ጠመንጃውን አንሥቶ ቆመ።

ያን ጊዜ ጣቴን ጭቃው ውስጥ ነክሬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ከዘይቱና ከዝገቱ ሥር የማውቀው ሽታ ነበር። ጽጌማርያም ከገዳም የሚመጣላትን እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ በጠበል በጥብጣ ማታ ማታ ወገቤን ትቀባኛለች፤ ሸሚዜ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ማንቆርቆሪያዋ፣ የከንፈሯ መንቀሳቀስ፣ ጣርማበር አፋፍ ላይ የጨመረችው ጄሪካን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። የአባቷን መንገድ በሰላም ታሳልፈን ብላ ስታጠጣት የኖረችው እምነት ነው። ጸሎቴ አልበቃም ያለችው ሴት፣ መኪናዋን ያቆማት ጸሎቷ ራሱ እንደሆነ ብትሰማ ምን ትሆናለች? ባልናገር ደግሞ ተክላይ ከደጃችን ተይዞ ሊሄድ ነው።

«የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አጥናፉ መፍቻውን አስቀመጠ። እምነት ነው፣ መንገዱ ስላስፈራኝ ለበረከት ብዬ ጥቂት በጥቂት የጨመርኩት ነው አልኳቸው። አጥናፉ፣ «እርስዎ? ያን ሁሉ መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ?» አለኝ። ያን ሁሉ አንብቤ ነው አልኩት። መጀመሪያ የሳቀው ባለ ጠመንጃው ነው። እሱ ከሳቀ በኋላ ነገሩ አሻጥር መሆኑ ቀረ፤ ተመልሶ ጎማው ላይ ተቀመጠና ሻዩን ጨረሰ። እኔም ያልኩት ውሸት ቢሆንም፣ እታለም፣ እስከ ዛሬ ንስሐ ልገባበት ልቤ አልፈቀደም።

አጥናፉ ጭቃውን ወደ ቦዩ ሊጠርገው ሲል እጁን ያዝኩት። እምነት እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ስለዚህ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ አስጠራቅሜ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ከረባቴን እንዳሰርኩ፣ ቆርቆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ በወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት አልፌ ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ሰው ሰላምታ ይሰጠኝና ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ይጥላል። በአጥሩ ውስጥ፣ ሰው ከማይደርስበት የጥድ ሥር ላፈስሰው ሳጎነብስ የንስሐ አባታችን መምሬ ተስፋማርያም አገኙኝ። ለእሳቸው እውነቱን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ቆርቆሮውን አብረውኝ ያዙና አፈሰስነው። ሲጨርሱም፣ «እምነቱስ ለሰው ነው፤ ብረት ምን ያደርግለታል። ታዲያ እሷ ፍርሃቷን የት ታድርገው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ለጽጌማርያም የነገርኳት ራዲያተሩ በእርጅና ነው የተበላሸው ብዬ ነው። እሺ አለች። አራዳ ግን የሰማውን በሆዱ የሚያሳድር ሰፈር አይደለም። ማግሥቱን ከኬክ ቤቱ ደጃፍ፣ ጋሼ ወልደሥላሴ፣ የሽንጣሟ የክርስትና ስም ማን ተባለ የሚል ጥያቄ ተቀበለኝ። አንዱ ወርቅ ሠሪ ረቡዕና ዓርብ ትጾም እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በዚህ በኩፖን ዘመን ከእሷ የበለጠ የሚጾም የለም ብዬ መለስኩለት። ስስቅ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳቅሁ። የሽማግሌ ስም እንደ አሮጌ ካፖርት ነው፤ ጥቂት ቢቆሽሽ ብርድ መከላከሉን አይተውም። አንድ ነገር ብቻ አስተዋልኩ። ተክላይ በዚያ ሰሞን ባለፍኩ ቁጥር ቆቡን እያወለቀ ይነሣል። ኮፈኑን ሲከፍት የኖረ ሰው ምን እንደሚጨመር ሳያይ አይቀርም፤ ቢይዙትም ኖሮ የእመቤቱን ስም አይጠራም ነበር።

ሽንጣሟ ድና ገባች። የእኔ ጭንቀት ግን ያን ጊዜ ጀመረ። ጽጌማርያም ነገ ተነሥታ እንደገና ያንኑ ብታጠጣትስ? ተይ ካልኳት ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። መንገዱም ገና ይጠብቀናል፤ እርስዎም ገና ይጠብቁናል። አልጋዬ ላይ ስገላበጥ የመምሬ ጥያቄ ራሱ መልስ ሆኖ መጣልኝ።

ባለፈው እሑድ የእኛ ታርጋ ተራ ነበር። ጽጌማርያም ከመኝታ ስትነሣ ተከትያት ወደ ግቢው ወጣሁ። በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያውን፣ በሌላው የጠበሏን ጠርሙስ ይዛለች። ፊት ለፊቷ ቆምኩና ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «ጽጌ፣ መኪናዋስ ድናለች። ያልዳነው ሾፌሩ ነው፤ ያን ለእኔ አድርጊው» አልኳት።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ጠበሉን በመዳፏ እየቀዳች ፊቴ ላይ ረጨችው። ውርጩ ላይ ውርጭ ነው፤ ትንፋሼ ተቋረጠ። እጇ ግን ግንባሬ ላይ ቆየ፤ አልቸኮለችም። የአባቷን ስም ስትጠራ ሰማኋት። በትዳራችን ዘመን ያ ስም ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ሲበቃት ጠርሙሱን ዘግታ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ወደ ሽንጣሟ ሄደች። ተክላይ ኮፈኑን ከፈተ። እሷ ማፍሰስ ስትጀምር እኔ፣ ፊቴ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኔን ከማንቆርቆሪያው አፍ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። «ይህኛው የቧንቧ ነው» አለች። «አይስጉ።»

ተክላይ ጎማውን የሚያይ መስሎ አጎነበሰ። ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም፤ ፒያሳ ሁሉ የሚስቅበትን ነገር ጆሮ ካለው ሰው መሸሸግ አይቻልም። እሷም ለምን በራሴ እንደወሰድኩት አልጠየቀችኝም። ማንቆርቆሪያውን ለተክላይ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የፊተኛውን በር ከፍታ ገባች። እኔ ደንግጬ ቆሜ ስቀር፣ ከኋላ ሆኖ ሾፌር መጠበቅ አይቻልም አለችኝ። የቅዳሴ አሮጊቶቹ ከኋላ ተጠጋግተው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እስከ ጊዮርጊስ ደረስን። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያች መኪና ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

እንግዲህ፣ እታለም፣ ያልመጣሁበት ምክንያት ይህ ነው። ጋሼ ዓምደሚካኤል በሕይወት ኖረው ይህን ቢሰሙ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቁ ነበር፤ ተዝካራቸውን ያስቀረብኝ ነገር እሳቸውን የሚያስቅ መሆኑ ትንሽ ያጽናናኛል። ጥር ዐሥራ ሁለት፣ ቃና ዘገሊላ፣ እንደ ኅዳሩ ሁሉ የሚካኤል ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን እንደርሳለን። ቤንዚኑን ከአሁኑ መቆጠብ ጀምረናል። ድስቶቹን እድሩ እንደገና ፈቅዶልናል፤ ጋቢዎቹም ታጥፈው ተቀምጠዋል። ጣርማበር ስንደርስ ከዋሻው በፊት እቆማለሁ፤ ጽጌማርያም እንድቆምላት የጠየቀችኝ ራሷ ናት። ወርዳ ገደሉን ቆማ ልታየው ትፈልጋለች። አጠገቧ እቆማለሁ፤ ከዚያ እናልፋለን። ስንመለስም ከእኛ ጋር ይመጣሉ፤ እንቢ የሚል መልስ አልቀበልም። የፊቱ ወንበር የእርስዎ ነው። ጽጌማርያም ለሌላ ለማንም አለቅም፣ ለእርስዎ ብቻ ወደ ኋላ እመለሳለሁ ብላለች። የካባዎን ከፋይ በገዛንበት ደጃፍ በቀስታ አሳልፍዎታለሁ።

ይህን ሁሉ እንደጻፍኩልዎ እሷ አታውቅም። ስንደርስ ውሃ ያቀርቡልን እንጂ የውሃን ነገር እንዳያነሡባት አደራ። በልብዎ ቢስቁ ግን አይከፋኝም።

ለልጅዎ ለየሺዓለም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ እናቷን ፊደል ለማስቆጠር የታገሠችውን ትዕግሥት እግዚአብሔር በልጆቿ ይክፈላት። ለባሏ ለገብረአምላክ ሰላም ይበሉልኝ፤ መኪናዋን መጥቶ ካላየ በወሬ እንዳይንቃት። እንጨቱንና ውሃውን ችላ ለምታኖርዎ ለወይኒ፣ ጽጌማርያም በእጇ የፈተለችውን ነጠላ ይዛላት እንደምትመጣ ይንገሩልኝ። ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ ምብራት፣ ለእድርተኞቹም ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ስማቸውን እየጠሩ ሰላም ይበሉልኝ። ጽጌማርያም ጉልበትዎን እየሳመች ሰላም ብላዎታለች፤ ተክላይም ሳያውቅዎ እጅ ነሥቷል። እኔ ደግሞ ሲያዝሉኝ የያዝኩትን ያን ትከሻዎን ስሜአለሁ።

ያ ባዶ የዋለ ወንበር ከቦታው አይነሣብኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ወልደሥላሴ

አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.